የጠየቀ የለም

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጪ የደረጃውን ብረት በሁለት እጅሽ ይዘሽ አንድ አንድ እግር እያልሽ ስትወርጂ አይቼሻለሁ። መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ወርጄ ክንድሽን መደገፍ ሲገባኝ ሞተሩን አስነስቼ ሄድኩ። ይህን ትንሹን የምናዘዝልሽ ለትልቁ እንዲለማመድ እጄን ላፍታታው ብዬ ነው። ልጅሽ ኮሪንስ ደህና ናት? የልጅ ልጆችሽን ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደም ግፊቴ ብቻ እንደ እናቴ ቀስ እያለ ሽቅብ ይላል። በረዶው ቀልጦ መንገዳችን ጭቃ በጭቃ ሆኗል። በረዶ ጠራጊው መኪና የገጨው የፖስታ ሳጥንሽም አሁንም እንደ ሰካራም ወደ ቦዩ እንዳዘነበለ ነው። ፖስተኛው ሌስተር መሬቱ ሲላላ አቃናዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልሻል አሉ። የሌስተርን ቃል ታውቂዋለሽ፤ ፖስታ ከማደል በቀር ያለውን ሥራ ሁሉ ለከርሞ ነው የሚያቆየው።

አንድ ማይል ተኩል ርቀት ላይ እየኖርኩ፣ ስልክ ቁጥርሽን በቃሌ እያወቅሁ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በአፌ ልነግርሽ ተነስቼ ስልኩን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋነው። ስለዚህ እንዲህ ይሻላል። ዌንደል ሊወጣ ነው። ወንድሜ ከማቆያው ሊወጣ ነው፤ የሚመጣውም እኔ ቤት ነው።

አሁን ወንበርሽ ላይ ቀጥ ብለሽ «ይሄማ አይሆንም፣ ፖስታው አልደረሰኝም» እንደምትዪ አውቃለሁ። ከክፍለ ግዛቱ የሚመጣውን፣ ማኅተም ያለበትን ፖስታ ማለቴ ነው። እሱ አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ እስክነግርሽ ድረስ ይህን ወረቀት አትቅደጂው፤ ከዚያ በኋላ እንደወደድሽ።

ነገሩን የሰማሁት ቢሮ ነው። ለሸሪፉ፣ ለወረዳችን ፖሊስ አዛዥ፣ የሚመጣውን ፖስታ ሁሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ ከብዙ ማስታወቂያ መሀል አንድ ቀጭን ፖስታ ወጣ፤ ሁለት ገጽ ብቻ። ሕጉን ከእኔ በላይ በቃልሽ ትዪዋለሽ። የእስር ዘመኑን ጨርሶ ፍርድ ቤቱ «ይህ ሰው አሁንም ለሴቶች ያሰጋል» ብሎ ሕክምና ማቆያ ያስገባው ሰው ከመውጣቱ ሠላሳ ቀን ቀደም ብሎ፣ የማቆያው ኃላፊ ለዐቃቤ ሕጉ፣ ለሸሪፉና «ንገሩኝ» ብላ በጽሑፍ ለጠየቀች ተጎጂ ማስታወቅ አለበት። በጽሑፍ ለጠየቀች። ወረቀቱ ላይ የዌንደል ስም አለ፣ የተወለደበት ቀን አለ፣ የሚያርፍበት አድራሻ አለ። በገዛ ቤቴ አድራሻ አጠገብ «ደርሷል» የሚለውን ማኅተም መታሁ። ከታች የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ ማስታወቂያ የሚላክላቸው ተጎጂዎች፤ የጠየቀ የለም።

ሸሪፍ ትቬት አንቺ ከከተማ ከመመለስሽ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው ከሌላ ወረዳ የመጣው፤ የእኛን የድሮ ጉድ አያውቅም። ደግ ሰው ነው። «ወንድምሽ መሆኑን አይቻለሁ፤ ከከበደሽ ፋይሉን ሌላ ሰው ይያዘው» አለኝ። «ማን ይያዘው? እዚህ ቢሮ ውስጥ ያለነው እኔና ያ የሚያንኮራፋ ማሞቂያ ነን» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር በጣቱ እየነካ «የጠየቀ የለም ይላል። እውነት ነው? እዚህ አካባቢ የቀረች ሴት የለችም?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ «ወረቀቱ እንደሚለው ነው» አልኩት። «ተመስገን፣ አንድ ራስ ምታት ቀነሰልን» ብሎ ፈረመበት።

እሱ ምን ያድርግ። ዌንደል ጥፋቱን አምኖ ስለነበር አንቺ ችሎት አልቆምሽም፤ ስምሽም መዝገቡ ውስጥ ታሽጎ ቀርቷል። እሱ ካጠቃችሁ ከሦስታችሁ አንዷ ሞታለች፣ አንዷ አገር ለቃ ሄዳለች። ሦስተኛዋ አንቺ መሆንሽን በዚህ ወረዳ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን «ንገሩኝ» ብለሽ ስለሞላሽው ቅጽ ልንገርሽ።

ያን ቀን ሆስፒታል የወሰድኩሽ እኔ ነበርኩ። ታስታውሺያለሽ፣ የተቀደደ ሹራብሽን በወረቀት ከረጢት ያስገባሁት፣ ፖሊሱ ሲጠይቅሽ እጅሽን የያዝኩት፣ ስትመለሺ ገላሽን እስክትታጠቢ በር ላይ የጠበቅሁት። መኪና ውስጥ አንድ ቃል ሳላወጣ ሳለቅስ፣ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልሽኝ። አንቺ ለእኔ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ዌንደል ከእስር ቤቱ ወደ ማቆያው ሲዛወር ቅጹን አመጣሁልሽ። ባልሽ ከተማ ሥራ አግኝቶ ልትሄዱ ነበር፤ ዕቃችሁ በካርቶን ታሽጎ ከአንድ ድስትና ከሁለት ሲኒ በቀር ወጥ ቤቱ ባዶ ነበር። ቆመሽ፣ ካርቶን ላይ ተደግፈሽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላሽው። «በፖስታ ብልከው ይጠፋል፤ አንቺ ቢሮ ስለሆንሽ ራስሽ አስገቢልኝ» አልሽኝ። «በእኔ እጅ አይጠፋም» አልኩሽ። አልጠፋምም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የቢሮዬ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ያረጁ የጽሕፈት መኪና ሪባኖች ሥር ተቀምጧል።

ረሳሁት ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። የዚያን ሳምንት እናቴ ከማቆያው ስትመለስ፣ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት የነገረቻትን ይዛ መጣች። በየዓመቱ ጉዳዩ ሲታይ ተጎጂዎቹን ቃል እንዲሰጡ ይጠይቋቸዋል፤ ስም ያስመዘገበች ሴት ካለች ሰውየው አይወጣም፤ ከሌለች ዳኞቹ ይረሱታል፣ ይለሰልሳሉ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እናቴ ግን ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ልጄን ቤቱ ሳላየው አልሙት። ያስመዘገበ ሰው አለ?» አለችኝ። ቅጽሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «የለም» አልኳት። እስከ ሰኞ ድረስ ብቻ ነበር ያሰብኩት። ሰኞ መጣ፣ ማክሰኞ መጣ።

እናቴ ሳታየው ሞተች። ያኔ ማስገባት እችል ነበር። ግን በአራት ዓመት የዘገየ ወረቀት ይዤ ስገባ «የት ነበር ይህ?» የሚለኝን ፊት ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ልማድ ብቻ ሆነ። አንድ ጊዜ ከከተማ ደውለሽ «በየዓመቱ ቃል ስጪ ይሉሻል ብለውኝ ነበር፤ ለምንድነው የማይጠሩኝ?» ስትዪኝ፣ «ዝም ካሉ ደህና ነው ማለት ነው» አልኩሽ። አመሰገንሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሰሃን አጥቤ፣ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩት።

ይህ ሁሉ አንቺ ሩቅ ሳለሽ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባልሽን ቀብረሽ ወደ አባትሽ ቤት ስትመለሺ ግን ርቀቱም አለቀ። የመጣሽ ቀን በረንዳሽ ላይ ቆመን «አትፈሪም?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ሳቅሽ። «ምን ያስፈራኛል? ወረቀት አለኝ። ፖስታው እስካልመጣ ድረስ እሱ እዚያው ነው። ፖስታው በመጣ ቀን ሻንጣዬን ይዤ ኮሪን ጋ ነኝ» አልሽኝ። እንቅልፍሽን በእኔ መሳቢያ ላይ አስተኝተሽው ነበር ያኔ። መናገር የነበረብኝ እዚያው በረንዳ ላይ ነው። መጋረጃዎችሽን ስሰቅል ዋልኩ።

ሌስተር አንድ ቀን ቢሮ ፖስታ ሲያደርስ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ያቺ ጓደኛሽ በየቀኑ ‹ከክፍለ ግዛቱ የመጣ አለ?› ትለኛለች። ‹የለም እመቤቴ› ስላት ሎተሪ የወጣላት ነው የምትመስለው። ፖስታ ስላልመጣለት የሚደሰት ሰው በዕድሜዬ እሷን ብቻ አየሁ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምን አይነት ሰው ነኝ?

ይህን ነገ እልክልሻለሁ።

*

አልላክሁትም። ከላይ ያለውን ከጻፍኩ ሃያ ሁለት ቀን ሆነው።

አንድ ነገር ግን ሞክሬያለሁ። ለተጎጂዎች መዝገብ ክፍል ከቢሮ ሳይሆን ከቤቴ ደወልኩ። አንዲት ድምፅዋ የደከመ ሴት አነሳች። «የቆየ ቅጽ ቢገኝ አሁን ማስገባት ይቻላል?» አልኳት። «የመቼ ነው?» «የአሥራ ስምንት ዓመት።» የቁልፍ ሰሌዳ ሲንኳኳ ሰማሁ። «እመቤቴ፣ እሱ አይሠራም። አዲስ መሙላት አለባት፣ ራሷ መፈረም አለባት። ተጎጂዋ አጠገብሽ ናት?» «የለችም።» «ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?» ዘጋሁት። ማን ነኝ እላታለሁ?

ሌላም አለ፣ እሱንም ልጻፈው። ኀፍረት ብቻ አይደለም አፌን የያዘው። ስምሽ መዝገቡ ላይ ቢወጣ አድራሻሽም ይወጣል፤ አንድ ማይል ተኩል መሆኑን ሲያዩ ቤቴን ይሰርዙታል። ከእኔ ቤት ሌላ የሚቀበለው ደጅ በዚህ ምድር የለውም። ሦስት ቦታ ተጠይቀው ሦስቱም እምቢ ብለዋል። ስለዚህ ወይ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ወይ እሱ ይወጣል። እኔ እስካሁን በየቀኑ እሱን እየመረጥኩ ነው የዋልኩት፣ ጠዋት ተነስቼ ጥርሴን ቦርሼ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ነድቼ እጠይቀዋለሁ። የስዕል ቁርጥራጭ ይገጣጥማል፤ መርከብ፣ የመብራት ማማ ያለበት ባሕር ዳርቻ፣ አይቶት የማያውቀውን ነገር ሁሉ። «እማማን መሰልሽ፣ በተለይ ስትቆጪ» ይለኛል። ሐኪሞቹ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ጽፈዋል፤ ልቡ ደክሟል፣ ዕድሜው ሄዷል፣ የሚያሰጋው ጥቂት ነው ይላሉ። ምናልባት ልክ ናቸው። ግን ከሦስት ዓመት በፊት ድንች ጥብስ ከከረጢት እያወጣ ሲበላ፣ ቀና ሳይል «እሷስ? አሁንም ከተማ ናት?» አለኝ። «ሩቅ ናት» አልኩት። «ጥሩ» አለ፤ አንድ ድንች ደግሞ በላ። ያን «ጥሩ» ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት። ለአንቺ ደስ ብሎት ነው? ወይስ እየለካ ነው? ወንድሜን እወደዋለሁ፣ እፈራዋለሁም። ሸሚዞቹን ስተኩስ ሁለቱም አብረውኝ ናቸው።

ትናንት ደግሞ ያንቺ ቤት መጣሁ። ቁርጥ አድርጌ ልነግርሽ ነበር የመጣሁት፤ ግን ባዶ እጄን መምጣት ስላቃተኝ ፓይ ጋገርኩ። ከጋገርኩ በኋላ ጉዳዩ ፓይ ሆነ። ታስታውሺያለሽ፣ በር ላይ «ምን ሞተ? ማን ሞተ? አንቺ ያለ ቀብር አትጋግሪም» አልሽኝ። ጉልበትሽን ሶፋው ላይ ዘርግተሽ፣ የሳጥንሽን መዘንበል እየኮነንሽ፣ «ሌስተር ካላቃናው እኔው በዚህ ጉልበቴ እወርድበታለሁ» እያልሽ አሳቅሽኝ። ከዚያ በመስኮት ወደ መንገዱ አይተሽ «ዛሬም የለም» አልሽ። ፊትሽ ላይ ያየሁትን ሰላም መስበር አቃተኝ። ስሄድ «ሰሃንሽን አጥቤ እመልሳለሁ፤ ካርድ ደግሞ እልክልሻለሁ» አልሽኝ። «አንድ ማይል ተኩል ላይ ካርድ?» ብዬ ቀለድኩብሽ። «እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትገርፈኛለች ካልላክሁ» አልሽኝ።

እናቶቻችን እንደዚያ ነው ያሳደጉን። ሰው ምግብ ይዞልሽ ከመጣ ሳምንቱ ሳይወጣ የምስጋና ካርድ፤ ፖስታው ላይ ከላይ በግራ ማዕዘን ሙሉ ስም፣ ሙሉ አድራሻ፣ በሚነበብ ትልቅ ፊደል። ያኔ አሥር ዓመታችን ነበር፤ ያንቺ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ምላሳችንን አውጥተን ስንጽፍ ትዝ ይለኛል። ያን ቀልድሽን ሰምቼ እየሳቅሁ ወጣሁ፤ ቤቴ እስክደርስ ስለ ካርዱ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

ሠላሳው ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። ነገ እልከዋለሁ።

*

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ዌንደል ማክሰኞ መጣ።

ሁለት ሰዎች በነጭ መኪና አመጡት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለበትን የሚያሳይ መከታተያ ታስሯል። ከቤቴና ከግቢዬ እንዳይወጣ፣ ለልቡ ሲባል ብቻ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በመንገዱ ዳር እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። ጸጉሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «እዚህ መቀመጥ ይፈቀድልኛል?» አለኝ። ማቀዝቀዣውን ለመክፈት ፈቃድ ጠየቀኝ። በራሱ እናት ቤት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ደስ አለኝም፤ ይህን ባልጽፍልሽ ደብዳቤው እንደ ሌላው ሕይወቴ ይሆናል። እናቴ ከሞተች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰሃን ብቻ ሳጥብ ኖሬ፣ ማክሰኞ ማታ ሁለት አጠብኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከሳጥኑ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። የመብራት ሒሳብ፣ የዘር መሸጫው ማስታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያንቺ ካርድ። አልተከፈተም። በደንብ ተስተካክሎ፣ ጽሑፉ ወደ ወንበሩ ዞሮ። ከላይ በግራ ማዕዘን ስምሽ፣ የአባትሽ መንገድ፣ የቤቱ ቁጥር፣ በዚያ በትልቁ ፊደልሽ።

«ፖስታ መጥቷል» አለኝ። «አየሁ» አልኩት። ከዚያ «ስኳር አለን?» አለኝ። እኔ ስኳር አልጠቀምም፣ ታውቂያለሽ። እናቴ ከሞተች ያልነካሁትን የስኳር ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄ ሰጠሁት። ሁለት ማንኪያ አድርጎ ቀስ እያለ አማሰለው። ድሮ ሩቅ ሳለሽ ስላንቺ ጠይቆኝ ነበር፤ አሁን አልጠየቀም። «ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ካርድሽን መኪና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። «ፓይሽ አባቴን አስታወሰኝ። ከመጣሁ ወዲህ እንደ ልጅነቴ ነው የምተኛው፤ ያንቺ ሥራ ነው» ብለሻል። የምን ሥራዬ እንደሆነ ስታውቂ በዚህ መስመር ትፀፀቺ ይሆናል፤ አትፀፀቺ። አምኖ መተኛት ነውር አይደለም።

አሁን ከጠረጴዛው ማዶ የስዕል ቁርጥራጩን እየገጣጠመ ነው፤ እኔ ለቢሮ የምጽፍ መስሎታል። የጓሮው አካፋ ታጥቦ በረንዳው ላይ ተደግፏል። ጫማው በር ላይ ነው፣ ጭቃው ገና አልደረቀም። የት ቆፈርክ ብዬ አልጠየቅሁትም። እሱ ዱሮ አጥር ሲተክል ምሰሶው በመቶ ዓመት የማይነቃነቅ ነው የሚመስለው፤ በእጁ ሁልጊዜ ጎበዝ ነበር። ክፉ አስቦ ይሁን ደግ አስቦ አላውቅም። ልነግርሽ የማልችለው ይህን ነው፤ ሌላውን ሁሉ ነግሬሻለሁ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ይህን እንዳነበብሽ ኮሪን ጋ ደውዪ፤ ለመምጣት አትጠብቂያት፣ አንቺው ሂጂ። ሰሃኔን ለመመለስ እዚህ እንዳትመጪ፤ ሰሃኑ ካንቺ ጋር ይቅር። ቅጽሽን አያይዤዋለሁ። ቀለሙ ትንሽ ደብዝዟል፣ ፊርማሽ ግን እንደ ትናንት ነው። «ጠይቄ ነበር» ብለሽ ለማን እንደምታሳዪው ያንቺ ፈንታ ነው፤ ለሸሪፉም ሆነ ለዐቃቤ ሕጉ። እኔ ራሴ ሸሪፍ ትቬት ጠረጴዛ ላይ ላኖረው ሦስት ጠዋት ይዤ ገብቼ ሦስቱንም ጠዋት ይዤው ወጥቻለሁ። ካሳየሽው እሱም ተመልሶ ይገባል፣ እኔም ከወንበሬ እነሳለሁ፤ ይህን አውቄ ነው የምሰጥሽ። ካላሳየሽውም አልፈርድብሽም። ከእንግዲህ ልክ የሆነ ነገር ከእኔ እጅ ይወጣል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ ወደ አንቺ እጅ አሳለፍኩት። ይህም ሌላው ፈሪነቴ ነው።

ፖስታው ከቢሮ የወሰድኩት፣ ማኅተም ያለበት ነው። ገና ሳትከፍቺው፣ ከሳጥኑ ስታወጪው እንድታውቂ ብዬ ነው። ሌስተርን አልጠብቅም፤ አሁኑኑ ነድቼ በገዛ እጄ ሳጥንሽ ውስጥ እከትተዋለሁ። በርሽን የማንኳኳት አቅም እንደሌለኝ እስካሁን አውቀሻል።

የደረስሽበት ደጅ ይቀበልሽ። ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ የልጅ ልጆችሽ ድምፅ ቤቱን ይሙላልሽ። እንቅልፍሽ እንደገና ይመለስልሽ፣ በዚህ ጊዜ ግን በሰው ቃል ላይ ሳይሆን በተቆለፈ በር ላይ። ለእኔ ምንም አትለምኚልኝ።

አብሮ አደግሽ፣
የእሱም እህት

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የጨመርኩት፦ አሁን መኪናዬ ውስጥ፣ ሳጥንሽ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። ሳጥንሽ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እግሩ ሥር ያለው አፈር በደንብ ተጠቅጥቋል፣ ቁጥሩም ተጠርጓል። ሌስተርን ለማመስገን ካርድ እንዳትጽፊ። እሱ አይደለም።